ሞደሙ ሲተኛ፦ የእጅ ስልክ የሲግናል ማቀናበሪያ ኃይል የሚቆጥበው እንዴት ነው?

የእጅ ስልክ ከኔትወርክ ማማ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል ሞደም ይባላል። አንቴናው ላይ የደረሰውን ደካማ ሞገድ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ከቁጥሮቹ መካከል ጫጫታውን ከመልእክቱ ይለያል፤ በመንገድ የተበላሸውን ያርማል፤ በመጨረሻም ድምፅ፣ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ አድርጎ ለቀሪው የስልኩ ክፍል ያስረክባል። ሲልክ ደግሞ ይኸንኑ ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሠራዋል። ሲግናል ማቀናበር የሚባለው ይህ ሥራ ስክሪኑ ጠፍቶ ስልኩ ኪስ ውስጥ ባለበት ሰዓትም አያቆምም። ስለዚህ አንድ ስልክ ጠዋት የተሞላ ባትሪውን እስከ ማታ ማድረስ አለማድረሱን የሚወስነው የባትሪው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ሞደሙ እያንዳንዱን ስሌት በምን ያህል ኃይል ይሠራል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንቱን ስሌት ጭራሽ ሳይሠራ ማለፍ ይችላል? ዋናው ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። አንደኛ፣ ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱና ማለፉ የተለመደ ነው፤ ለስልክ ቺፕ ደግሞ ሙቀት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ደንበኛ መቀበል የጀመረው እዚህ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከፈተ፤ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ያስጀመረው ከዚያ በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ሰፈሮች በከዚራም በመጋላም አንዱ በኢትዮ ቴሌኮሙ 09፣ ሌላው በሳፋሪኮሙ 07 የሚጀምር ሁለት ሲም በአንድ ቀፎ ይዞ የሚሄደው ሰው ጥቂት አይደለም። ሙቀቱም ሆነ ሁለቱ ሲሞች ሞደሙ ላይ የሚያመጡት ጫና በቁጥር ሊሰላ የሚችል ነው።

ኃይሉ የሚሄድበት

የሞደም ቺፕ እጅግ ብዙ ትራንዚስተሮችን የያዘ ነው። ትራንዚስተር የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። አንድ ቁጥር ከ0 ወደ 1 ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ትራንዚስተሩና ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ እንደ ኩባያ ተሞልተው ይደፋሉ። የሚሞላው ከባትሪው የመጣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ሲደፋ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የአንዱ ኩባያ መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን ሚሊዮኖቹ በሰከንድ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ሲሞሉና ሲደፉ ስልኩ በእጅ ላይ መሞቅ ይጀምራል።

በዚህ መንገድ የሚፈጀው ኃይል የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሚለዋወጡት ትራንዚስተሮች ብዛት፣ የእያንዳንዳቸው ቻርጅ የመያዝ አቅም፣ የሚለዋወጡበት ፍጥነትና ቮልቴጁ። ከአራቱ ቮልቴጁ ይለያል፤ ወደ ሒሳቡ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉም በግማሽ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ግን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቺፕ ነዳፊዎች ቮልቴጅን ለማውረድ ያን ያህል ዘመን የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ቮልቴጁ ሲወርድ ትራንዚስተሩ መዘግየቱ ነው። ከማማው የሚመጣው ሲግናል ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ አንዱ ሳይጨረስ ሌላው ይደርሳል። የዚህን አጣብቂኝ መውጫ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ አናንታ ቻንድራካሳን፣ ሳሙኤል ሼንግና ሮበርት ብሮደርሰን ያሳተሙት ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በ5 ቮልት የሚሠራ አንድ አነስተኛ የስሌት ክፍል መነሻ አደረጉ። ከዚያ ያንኑ ክፍል ሁለት አድርገው ጎን ለጎን አቆሙትና ሥራውን አካፈሏቸው። እያንዳንዱ በግማሽ ፍጥነት ቢሠራ ጠቅላላ ውጤቱ አይጎድልም፤ በግማሽ ፍጥነት ለሚሠራ ክፍል ደግሞ 2.9 ቮልት ይበቃዋል። ተጨማሪው ክፍልና ማገናኛ ሽቦዎቹ ቻርጅ የመያዝ አቅሙን ከእጥፍ ትንሽ አሳለፉት፤ ሆኖም ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ስለወረደ ጠቅላላው ኃይል ወደ 36 በመቶ ዝቅ አለ። የቺፑ ስፋት ቢጨምርም ፍጆታው ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ለስፋት የሚከፈለው ዋጋ ፋብሪካ ላይ አንድ ጊዜ ነው፤ ኃይልን ግን ባለስልኩ በየቀኑ ይከፍላል። የዛሬ ሞደሞች አንድ ፈጣን ማባዣን ከማጣደፍ ይልቅ ብዙ ረጋ ያሉ ማባዣዎችን ጎን ለጎን የሚያሠሩት በዚህ ሒሳብ ነው።

ሌላው ዘዴ ቮልቴጁንና ፍጥነቱን እንደ ሥራው ብዛት በየቅጽበቱ መቀያየር ነው። ቪዲዮ ሲወርድ ቺፑ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ይሮጣል፤ አጭር መልእክት ብቻ ሲመጣ ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል። ከዚህም የሚቀል አንድ ብልሃት አለ። ቺፕ ውስጥ ሁሉንም ክፍል በእኩል የሚያስኬድ የሰዓት ምት አለ፤ ሥራ የሌለው ክፍል እንኳ በዚህ ምት ብቻ ሲሞላና ሲደፋ ይውላል። ሥራ በሌለበት ጊዜ ምቱ ወደዚያ ክፍል እንዳይደርስ ማገድ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ትልቅ ነው። ስለዚህም በሁሉም ሞደም ውስጥ ይገኛል።

የድሬዳዋ ሙቀትና የሚያፈተልከው ኃይል

ትራንዚስተር ተዘግቷል ሲባልም ጨርሶ አይዘጋም። ጥቂት ኤሌክትሪክ ያለ ሥራ እያፈተለከ ይፈሳል። ትራንዚስተሮቹ ትልልቅ በነበሩበት ዘመን ይህ ቸል ሊባል ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአይ.ቢ.ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ፣ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ከወረደ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት እንደማይጨምር አሳዩ፤ ኢንዱስትሪውም በዚያ ጎዳና ለ30 ዓመት ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ጎዳናው ተዘጋ፤ ቮልቴጁን ከዚያ በላይ ለማውረድ ሲሞከር የሚያፈተልከው ኃይል ከልክ አለፈ። መፍትሔ የሆነው ትራንዚስተሩን ከጠፍጣፋነት አውጥቶ እንደ ክንፍ ማቆም፣ መቆጣጠሪያውንም በሦስት ጎን እንዲከበው ማድረግ ነው። ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያሳየው በበርክሊ በቼንሚንግ ሁ የተመራው ቡድን ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ውስጥ ይገኛል።

ቅርጹ ችግሩን አቀለለው እንጂ አላጠፋውም፤ ምክንያቱም የሚያፈተልከው ኃይል በሙቀት ይባባሳል። መሐንዲሶች በግምት የሚይዙት ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሚያፈተልከው እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ የሚሠራ ስልክ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ወርዶ በ35 ዲግሪ ያንኑ ሥራ ቢሠራ፣ ቺፑም በዚያው ልክ ስለሚሞቅ በስሌቱ መሠረት የሚያፈተልከው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ያፈተለከው ኃይል ደግሞ መልሶ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ሌላ ኃይል ያስፈተልካል። ስልኩ ይህን አዙሪት የሚሰብረው ፍጥነቱን በገዛ እጁ በመቀነስ ነው፤ በቀትር ፀሐይ መኪና ውስጥ የተተወ ስልክ የሚንቀራፈፈው አርጅቶ ሳይሆን ራሱን ለመጠበቅ ነው። የሊቲየም ባትሪም ሙቀት አይወድም፤ ብዙ አምራቾች ስልካቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። የድሬዳዋ ቀትር የዚያ ምክር ጠርዝ ላይ ነው። ለሞቃት አገር የሚመረጥ ስልክ ከካሜራው ይልቅ በቺፑ ቁጠባ ቢመዘን ተገቢ ነው።

ለሚያፈተልከው ኃይል የሰዓት ምትን ማገድ አይበቃም፤ ክፍሉን ከኤሌክትሪክ ምንጩ መቁረጥ ያስፈልጋል። የዛሬ ሞደም በብዙ ደሴቶች የተከፋፈለ ነው፤ የ4ጂ ክፍል ሲሠራ የ2ጂና የ3ጂው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሊቆይ ይችላል። ይህ ግን ነጻ አይደለም። የጠፋ ክፍል የያዘውን ቁጥር ይረሳል፤ ሲነቃ እንደገና መጫን አለበት፤ ያም ጊዜና ኃይል ይፈጃል። ለሁለት ሚሊሰከንድ ዕረፍት ማጥፋት ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሰከንድ ዕረፍት ግን አለማጥፋት ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ የነዳፊዎች አስተሳሰብም ተለውጧል። ቀድሞ ሥራን በቀስታ መሥራት ሁልጊዜ ይሻላል ይባል ነበር፤ የሚያፈተልከው ኃይል ሲበዛ ግን ቶሎ ጨርሶ ሁሉንም ማጥፋት የሚያተርፍበት ጊዜ ብዙ ሆኗል።

ያልተሠራ ስሌት ኃይል አይፈጅም

ቺፑ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ትልቁ ቁጠባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሒሳቡ ራሱ ነው። የ4ጂ ስልክ 20 ሜጋኸርትዝ ስፋት ባለው ቻናል ላይ ሲቀበል በሰከንድ 14,000 የሲግናል ቁራጮች ይደርሱታል። እያንዳንዱ ቁራጭ 2,048 ቁጥሮች አሉት፤ ሞደሙም በውስጡ ተደባልቀው የመጡትን ጠባብ ሞገዶች አንድ በአንድ መለየት አለበት። ይህ በቀጥታ ቢሰላ 2,048 በ2,048 ተባዝቶ ለአንድ ቁራጭ ከ4 ሚሊዮን በላይ ማባዛት ይጠይቃል፤ በሰከንድ ወደ 59 ቢሊዮን። ኪስ ውስጥ የሚያዝ መሣሪያ ይህን ሊሸከም አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ጄምስ ኩሊና ጆን ቱኪ ያሳተሙት ዘዴ ያንኑ መልስ በጣም ባነሰ ሥራ ይሰጣል። ሒሳቡን ለሁለት፣ ግማሹን እንደገና ለሁለት እያደረገ ይከፋፍልና፣ አንዴ የተሰላውን ውጤት ሳይደግም ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ለ2,048 ቁጥሮች የሚያስፈልገው ማባዛት ወደ 11,264 ይወርዳል፤ በሰከንድ 158 ሚሊዮን ገደማ። ቁጠባው ከ370 እጥፍ በላይ ነው። የትኛውም የትራንዚስተር መሻሻል በአንድ ጊዜ ይህን አላስገኘም። ስልክ በ4ጂ ቪዲዮ የሚያሳየው በዚህ ስሌት ላይ ቆሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥሮቹ ስፋት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበው ሠንጠረዥ፣ በ45 ናኖሜትር ቺፕ ላይ (የናኖሜትሩ ቁጥር ባነሰ መጠን ትራንዚስተሩ ያንሳል) ሁለት ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥሮችን ማባዛት 3.1 ፒኮጁል፣ ማለትም እጅግ ትንሽ ኃይል፣ ይፈጃል፤ ባለ 8 ቢት ከሆኑ 0.2 ፒኮጁል ብቻ። ቢቱ በአራት እጥፍ ሲያንስ ኃይሉ በ15 እጥፍ አነሰ። ከአንቴና የመጣ ሲግናል ደግሞ ቀድሞውንም በጫጫታ የተሞላ ነው፤ ከጫጫታው በታች ያሉትን አኃዞች በጥንቃቄ ማስላት ለማንም የማይጠቅም ድካም ነው። ስለዚህ ነዳፊው በየደረጃው ስንት ቢት እንደሚበቃ ይለካል፤ እዚህ 12፣ እዚያ 10፣ ሌላው ጋ 6 እያለ ይመጥናል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን በሚሊዮኖች ቀፎ ውስጥ ይባዛል።

በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ይበልጥ የሚያስገርም ቁጥር አለ። አንድን ቁጥር ከቺፑ ውጭ ካለው ትልቁ ማስታወሻ ማምጣት ከ1,000 ፒኮጁል በላይ ይፈጃል፤ አጠገብ ካለ ትንሽ ማስታወሻ ማምጣት ግን 10 ፒኮጁል ያህል ነው። ከማስላት ይልቅ ቁጥርን ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ እጅግ ይበልጥ ውድ ነው ማለት ነው። ስለሆነም ጥሩ ሞደም ያመጣውን ቁጥር ሊሠራበት የሚችለውን ሁሉ ሠርቶ ሳይጨርስ አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ሥራ በማን ይሠራ የሚለውም ጥያቄ ነው። ለማንኛውም ሥራ የሚሆን ፕሮሰሰር ለእያንዳንዷ ማባዛት ትእዛዝ ማንበብ፣ መተርጎምና ቁጥር ማቀባበል አለበት፤ ለዚህ የሚያወጣው ኃይል ማባዛቷ ከምትፈጀው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያሉ ኩባንያዎች ለሲግናል ስሌት ብቻ የተዘጋጁ ፕሮሰሰሮችን አወጡ፤ በ1990ዎቹ የዲጂታል ስልክ በኪስ ሊያዝ የቻለው በእነዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ በጣም ተደጋጋሚ የሆኑት ሥራዎች፣ ማለትም ከላይ የተገለጸው ሞገድ መለየትና ስሕተት ማረም፣ ሌላ ምንም በማይሠሩ የተለዩ ክፍሎች ይከናወናሉ። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያከፋፍላል፤ ጉልበቱን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የተለየ ክፍል አንዴ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ የቴሌኮም ደረጃው ቢሻሻል እሱ ባለበት ይቀራል። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ከተለዩት ክፍሎች አንዱ፣ ስሕተት አራሚው፣ ኔትወርክ ሲደክም ባትሪ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ በከፊል ያስረዳል። በ4ጂ ያለው አራሚ የደረሰውን መልእክት ደጋግሞ እየፈተሸ ያስተካክላል። መልእክቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቁጥር አብሮ ስለሚላክ፣ አራሚው መልሱ እንደተስተካከለ ወዲያው ማቆም ይችላል። ሲግናሉ ጥሩ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃዋል፤ ደካማ ከሆነ የተፈቀደለትን ዙር ሁሉ ይጨርሳል፤ ያም ሳይበቃው ማማው እንደገና እንዲልክለት ይጠይቃል።

ሁለት ሲም፣ ሁለት መንቂያ

ስልክ ዳታ ሳይጠቀምና ሳይደውል በሚቆይበት ጊዜ ሞደሙ በአብዛኛው ተኝቷል። ነገር ግን ጥሪ ሊመጣ ስለሚችል በቀጠሮ ይነቃል። በ4ጂ ይህን ቀጠሮ የሚወስነው ኔትወርኩ ነው፤ ከ0.32 እስከ 2.56 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ 1.28 ሰከንድ የተለመደ ነው። ስልኩ በዚያች ቅጽበት ነቅቶ ስሙ ተጠርቶ እንደሆነ ያዳምጣል፤ ካልተጠራ ተመልሶ ይተኛል። ቀጠሮው ቢራዘም ባትሪ ይተርፋል፤ ጥሪ ግን ዘግይቶ ይገባል።

በ1.28 ሰከንድ አንዴ ማለት በቀን 67,500 ጊዜ ነው። ሁለት ሲም ላለው ስልክ፣ ሁለቱም ኔትወርኮች ይህንኑ ጊዜ ቢመርጡ፣ መንቂያው 135,000 ይሆናል። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ግን አንድ መቀበያ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለቱን ኔትወርኮች በተራ ነው የሚያዳምጡት። ሁለቱ ቀጠሮዎች በአንድ ቅጽበት ሲገጥሙ አንዱን ማሳለፍ ግድ ይሆናል። ጎበዝ ሞደም የሚታወቀው እነዚህን ቀጠሮዎች አቀራርቦ በአንድ መንቃት ሁለቱንም ማዳመጥ ሲችል ነው፤ ምክንያቱም ከማዳመጡ ይልቅ መነሳቱና መተኛቱ ነው ብዙ ኃይል የሚበላው።

ለመንቃት ደግሞ ሰዓት ያስፈልጋል። ሞደሙ ሲሠራ የሚመራው በሰከንድ በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ነው፤ ይህ ራሱ ኃይል ስለሚፈጅ ሲተኛ ይጠፋል። በምትኩ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ ክሪስታል ነው፤ የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ዓይነት። ይህ ክሪስታል የሚስተካከለው ለ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲርቅ ይዘገያል። ስልኩ ውስጥ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ቀትር ይህ ብርቅ አይደለም፣ መዘግየቱ ከሚሊዮን 14 ገደማ ይደርሳል። በ1.28 ሰከንድ እንቅልፍ ውስጥ ይህ 17 ማይክሮሰከንድ ነው። ለሰው ከንቱ የሆነች ቅጽበት ናት፤ ለ4ጂ ሲግናል ግን በሁለት ቁራጮች መካከል የሚተወው መጠባበቂያ 4.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ብቻ በመሆኑ ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ ሞደሙ ትንሿን ክሪስታል ከትልቁ ጋር እያስተያየ ስሕተቷን ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው እንቅልፍ ያንን አስልቶ ይነቃል። ልኬቱ የተሳሳተ ሞደም ለመጠንቀቅ ሲል ቀድሞ ለመንቃት ይገደዳል፤ ቀድሞ መንቃት ደግሞ በቀን 67,500 ጊዜ የሚደጋገም ብክነት ነው።

ከሁሉ የከፋው ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው። ከድሬዳዋ በሺንሌ በኩል ወደ ደወሌ የሚሄደው መስመር ሰው በተራራቀበት በረሃማ ምድር ያልፋል፤ በእንዲህ ያለ መንገድ ማማ ያጣ ሞደም ቀጠሮ ስለሌለው እንደ ወትሮው መተኛት አይችልም። የሚያውቃቸውን የሞገድ መስመሮች ሁሉ እየፈለገ ያስሳል፤ በሁለት ሲም ደግሞ ለሁለት ኔትወርክ። ጥሩ ሞደም ፍለጋው ሳይሳካ በቆየ መጠን በፍለጋዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያራዘመ ይሄዳል።

ወደ ማማው መላክ

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ስለ መቀበል ነው። ስልኩ ሲልክ ግን ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚወስደው ሞገዱን አጉልቶ ወደ አንቴና የሚገፋው አምፕሊፋየር ነው። የ4ጂ ስልክ ቢበዛ 200 ሚሊዋት ይልካል፤ ማማው ቅርብ ከሆነ እስከ የሚሊዋት አሥር ሺኛ ሊወርድ ይችላል። ኃይሉን እየተከታተለ ጨምር፣ ቀንስ የሚለው ማማው ነው፤ በ3ጂ ይህ ትእዛዝ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ይመጣል። በግንብና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ከማማው ያለው ርቀት በግማሽ ሲያንስ የሚያስፈልገው ኃይል ከአሥር እጥፍ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ማማዎች ሲቀራረቡ ኢንተርኔቱ ከመፍጠኑ ባሻገር የየቀፎው ባትሪም ዕድሜ ያገኛል። በተቃራኒው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ ተሳፋሪ ስልክ፣ ተራራው ከማማው እየጋረደው፣ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል።

አምፕሊፋየሩ ወደ ሞገድ ከሚለውጠው ኃይል ይልቅ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በዚህ ረገድ አሮጌው 2ጂ ደህና ነበር፤ የሞገዱ ከፍታ የማይለዋወጥ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ሁልጊዜ በሚመቸው ጉልበት ይሠራል፤ በጥሪ ጊዜም የሚልከው ከስምንት ክፍለ ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው፤ ተናጋሪው ዝም ሲል ደግሞ መላኩን ማቆም ይችላል። ቁልፍ ያላቸው ተራ ስልኮች በትንሽ ባትሪ ቀናት የሚቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። 4ጂ ብዙ መረጃ በጠባብ ሞገድ ለመላክ ከፍታው በጣም የሚዋዥቅ ሲግናል ይጠቀማል፤ አምፕሊፋየሩም አልፎ አልፎ ለሚመጣው ጫፍ ሲል ሁልጊዜ ተለጥጦ መጠበቅ ይኖርበታል። የ4ጂ ደረጃ ነዳፊዎች ይህን አውቀው ከማማ ወደ ስልክ አንድ ዓይነት፣ ከስልክ ወደ ማማ ሌላ ዓይነት፣ መዋዠቁ ያነሰ ሲግናል መረጡ። ማማው የኤሌክትሪክ መስመርና ጄኔሬተር አለው፤ ስልኩ ያለው ባትሪ ብቻ ነው። ለደካማው ወገን ያደላ፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዘዴዎች ተጨመሩ። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በስልኮች የታየው፣ የአምፕሊፋየሩን ቮልቴጅ ከሞገዱ ከፍታ ጋር አብሮ ማውጣትና ማውረድ ነው፤ ሞገዱ ዝቅ ሲል ቮልቴጁም ዝቅ ይላል፣ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ያንሳል። ሁለተኛው ሲግናሉን ገና ሳይላክ ሆን ብሎ ማጣመም ነው። አምፕሊፋየር በቁጠባ ሲሠራ ሞገዱን ያዛባል፤ ሞደሙ መዛባቱን አስቀድሞ አስልቶ በተቃራኒው ያጣምመዋል፤ ሁለቱ ተጣፍተው የሚወጣው ሞገድ ቀጥ ያለ ይሆናል። ዲጂታሉ ክፍል እዚህ ጥቂት ሚሊዋት ጨምሮ ያጠፋል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ግን ብዙ እጥፍ ያተርፋል። ስሌት መጨመር ኃይል የሚቆጥብበት ብርቅ ቦታ ይህ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ቀፎዎችና 5ጂ

በድሬዳዋ ገበያዎች በብዛት የሚሸጡት የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሺን ምርቶች ናቸው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀፎ ይገጣጥማል። ቺፖቹ ግን ከውጭ የሚመጡ፣ በአብዛኛው የሚዲያቴክና የዩኒሶክ ናቸው። በቀፎዎቹ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ከካርቶኑ ላይ ካለው የባትሪ ቁጥር ይልቅ በቺፑ ስም ይታወቃል። ሄሊዮ ጂ85ና ዩኒሶክ ቲ606 የተሠሩት በ12 ናኖሜትር ነው፤ ሄሊዮ ጂ99 በ6 ናኖሜትር። ሁለቱም ዓይነት ቺፖች 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ባላቸው ስልኮች ውስጥ ይገባሉ፤ በኋለኛው ላይ እያንዳንዱ ስሌት የሚሞላው ቻርጅ ያነሰ ስለሆነ ያው ባትሪ ይበልጥ ይቆያል፣ ስልኩም ያነሰ ይሞቃል።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ የጀመረው 5ጂ ለሞደም ነዳፊዎች ከባድ ፈተና ነው። ቻናሉ እስከ 100 ሜጋኸርትዝ ይሰፋል፤ በእያንዳንዱ የሲግናል ቁራጭ ውስጥ 4,096 ቁጥሮች አሉ፣ በሰከንድም 28,000 ቁራጮች ይመጣሉ። ከላይ በተጠቀሰው የኩሊና ቱኪ ዘዴ እንኳ ሲሰላ በሰከንድ ወደ 690 ሚሊዮን ማባዛት ይሆናል፤ ከ4ጂው አራት እጥፍ በላይ፣ ያውም ለአንድ አንቴና። ይህን ሁሉ ስፋት ሁልጊዜ ከፍቶ ማዳመጥ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ደረጃው ስልኩ ሥራ ሲቀንስ ከሰፊው ቻናል ጠባቧን ቁራጭ ብቻ እንዲያዳምጥ ይፈቅድለታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጠናቀቀው ማሻሻያ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ማማው ዳታ እየተጠቀመ በመካከሉ ለሚያርፈው ስልክ ከቀጠሮው ትንሽ ቀደም ብሎ አጭር ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ ሥራ የለም ካለ ስልኩ ቀጠሮውን ዘሎ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጠናቀቀው ደግሞ ጥሪ ለሚጠባበቁ ስልኮች ተመሳሳይ ማስታወቂያ አመጣ።

ከዚያ የቀጠለው ሥራ ዋናውን ሞደም ከማዳመጥ ጨርሶ ማሳረፍ ነው። በእሱ ምትክ የሚያዳምጠው አጠገቡ የተቀመጠ፣ ከአንድ ቀላል ምልክት በቀር ሌላ የማይለይ፣ ማባዛትም ሆነ ስሕተት ማረም የማያውቅ፣ ኃይል እምብዛም የማይፈልግ ትንሽ መቀበያ ነው። ያን ምልክት ሲሰማ ብቻ ዋናውን ሞደም ይቀሰቅሳል። ይህ መቀበያ በየስልኩ ሲገባ በቀን የሚቆጠሩት አሥር ሺዎች መንቂያዎች ይቀሩና፣ ሞደሙ የሚነሳው ጥሪ ወይም መልእክት ሲመጣለት ይሆናል።